ጀግናው የሚያየው መስኮት፣ እማማ የማያዩት ግፊት

ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አውራ ጣቱን ወደ ላይ እየገፋ ግማሽ ሰዓት ከቆየ፣ የግድ ቪዲዮ እያየ ነው ማለት አይደለም። ምናልባት እያነበበ ይሆናል። ኮሪያውያን «ማንህዋ» የሚሉት በሥዕል የሚነገር ታሪክ አላቸው። ድሮ በወረቀት ይታተም የነበረው አሁን አብዛኛው ለስልክ ተብሎ ይሳላል፤ ስሙም «ዌብቱን» ሆኗል። ገጽ አይገለጥም፤ ሥዕሉ እንደ ጥቅልል ብራና ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል። ኔቨር የተባለው የኮሪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ልማዱ ዓለምን አዳርሶ ወደ እኛም ታዳጊዎች ስልክ ገብቷል።

ኮሪያ ለየትውልዱ የተለየች አገር ናት። ለአያቶች ኮሪያ ማለት ቃኘው ነው፤ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች የዘመቱባት፣ ከ120 በላይ የወደቁባት። ለወላጆች አዲስ አበባ፣ ገርጂ ያለው «ኮሪያ ሆስፒታል» ነው፤ ሪፈር ይዞ ከወሎ ድረስ የሄደ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ለልጆች ደግሞ ኮሪያ ማለት ድራማ፣ ዘፈንና እነዚህ የሥዕል ጀግኖች ናቸው። የዛሬው ወሬያችን ስለ ሦስተኛዋ ኮሪያ ነው፤ ግን ዞሮ ዞሮ መድረሻው የእማማ የደም ግፊት ነው።

ደካማው አዳኝ

ልጆቹ ከሚወዷቸው አንዱ «ሶሎ ሌቭሊንግ» ይባላል። ቹጎንግ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ደራሲ በልብ ወለድ ጻፈው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥዕል ቀረበ፤ በ2024 ደግሞ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ወጣ። ታሪኩን ለአያቶች በአጭሩ ላውጋችሁ፤ የልጁን ቋንቋ ለመስማት ይረዳል።

ሱንግ ጂንዉ የሚባል ወጣት አለ። በሚኖርበት ዓለም ከየቦታው እንግዳ በሮች ይከፈታሉ፤ ከበሮቹ ጭራቅ ይወጣል። ጭራቆቹን የሚወጉ «አዳኞች» የሚባሉ ሰዎች አሉ። ጂንዉ ከአዳኞቹ ሁሉ ደካማው ነው፤ በገባ ቁጥር ቆስሎ ይወጣል፤ ጓደኞቹም ያዝኑለታል፣ አንዳንዶቹም ይሥቁበታል። ታዲያ ለምን አይተወውም? እናቱ ሕክምና መፍትሔ ባላገኘለት የእንቅልፍ በሽታ ተይዛ ሆስፒታል ተኝታለች። አባቱ ጠፍቷል። ታናሽ እኅቱ ተማሪ ናት። የሆስፒታሉን ሂሳብ የሚከፍለው እሱ ነው። የልጆች ተረት ነው ብለው ያለፉት ታሪክ ሥሩ ይኸው ነው፤ የታመመች እናት ያለው ልጅ።

አንድ ቀን ከሞት አፋፍ ተርፎ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሲነቃ፣ ዓይኑ ፊት አንድ መስኮት ተንሳፎ ያያል። መስኮቱ ላይ ጉልበቱ ስንት እንደሆነ፣ ጤናው ምን ያህል እንደቀረ፣ ድካሙ የት እንደደረሰ በቁጥር ተጽፏል። በየቀኑ ደግሞ ትእዛዝ ይመጣለታል። 100 ፑሽ አፕ፣ 100 ሲት አፕ፣ 100 ጊዜ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ትእዛዙን ከፈጸመ ይጠነክራል፣ ድካሙም ይወርድለታል። ካልፈጸመ ግን ግዙፍ መቶ እግር ትሎች የሚያሳድዱበት በረሃ ውስጥ ተጥሎ አራት ሰዓት ሲሮጥ ይውላል።

ይህን መስኮት ከእሱ በቀር ማንም አያየውም። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ እኅቱም። ዓይኑን አየር ላይ ተክሎ ሲያይ ሰው ጭንቅላቱ የተነካ ይመስለዋል።

የጤና ነገር ሲነሣ ይህ መስኮት ለምን ትዝ እንደሚል ግልጽ ነው። ሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውን በቁጥር የሚነግረን መሣሪያ ዛሬ በተረት ብቻ ያለ አይደለም። ከዚያችው ከኮሪያ የሚመጣው የሳምሰንግ ሰዓት ከእጅ አንጓ ላይ የደም ግፊት እንዲገምት የኮሪያ የምግብና መድኃኒት ደኅንነት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቅዷል። የስኳር ሕመምተኛ ክንዱ ላይ የሚለጥፈው፣ ቀንና ሌሊት የስኳሩን መጠን ወደ ስልክ የሚልክ ትንሽ መሣሪያም አለ። ጂንዉ ዛሬ በእውነተኛው ሴኡል ቢኖር፣ መስኮቱን ከሰማይ ባያገኘው ከሱቅ ይገዛው ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ ግን ብዙ ነው። የተረቱ መስኮት አይሳሳትም። የሱቁ ይሳሳታል። ያ የሳምሰንግ ሰዓት እንኳ በየአራት ሳምንቱ፣ ክንድ ላይ በሚጠመጠመው በተለመደው የግፊት መለኪያ ቁጥሩ ካልተስተካከለለት አይሠራም። በዓለም ላይ ካሉ ዘመናዊ ሰዓቶች አንዱ፣ ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ መሣሪያ «ስንት አለሽ?» ብሎ እየጠየቀ ነው የሚኖረው። ይህን ለልጅዎ ቢነግሩት ይገርመዋል።

ጂንዉ ኮምቦልቻ ቢኖር

እስቲ ጀግናውን ከሴኡል እናምጣው። ቤቱ ከቦርከና ወንዝ ብዙም አይርቅም እንበል። እናቱ ታማለች፤ ግን ሕመሟ ስም የሌለው እንቅልፍ አይደለም። እዚህ አገር በየቤቱ የሚታወቅ፣ «ግፊትና ስኳር» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ነው። ክትትሏ ደሴ ሆስፒታል ነው። ለቀጠሮ ሚኒባስ ይዛ ሐረጎን ትወጣለች፤ ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። እኅቱ ትማራለች። እሱ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ጭራቅ የሚወጣበት በር የለም። ጭራቁ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚያስቸግረውም ድምፅ ስለሌለው ነው።

የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። «ዛሬ ግፊቴ ተነሥቷል፣ ጭንቅላቴን ይዞኛል» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ግን ራስ ምታት የሌለበት ከፍተኛ ግፊት ከራስ ምታቱ ይልቅ የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት ነው ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ ኪኒኑን የሚያቆመው። ቁጥሩ የወረደው ኪኒኑ ስላወረደው መሆኑ ይረሳል። ከዚያ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ስትሮክ ይመጣል፤ ወይም ኩላሊት ይደክማል። የጂንዉ እናት መስኮት ቢኖራት «120/80» ሲል ደኅና፣ ተደጋግሞ «140/90» እና ከዚያ በላይ ሲል ሐኪም ሊያየው የሚገባ ግፊት ማለት ነበር። «180/120» ብሎ ከዚያ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መጎተት ካለ ደግሞ «ነገ እንሄዳለን» አይባልም፤ በዚያችው ሰዓት ባጃጅም ይሁን አምቡላንስ ይጠራል።

ይህን መስኮት እኛ የምናገኘው ከክንድ መለኪያ ነው። በፋርማሲ ይሸጣል፤ ውድ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ልጅም ይልካል። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ባትሪው አልቋል፤ ወይም በተሳሳተ መንገድ እየተለካበት ቤተሰቡን ያስደነግጣል። ስለ አለካኩ ትንሽ ልቆይበት፤ ጀግናው ቢሆን ይህን ሳያውቅ ምንም አይረባም።

ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፣ ሲጋራ አይጨስም፣ ከባድ ሥራ አይሠራም። በወሎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የሚሄደው ቡና ከተጀመረ አያልቅም፤ ስለዚህ መለካቱ ከቡናው በፊት ይሁን። ጫት ያለበት ከሰዓት በኋላም ለመለኪያ የሚሆን ሰዓት አይደለም፤ ጫት ራሱ ግፊት ይጨምራል። ሽንት ከያዘ አስቀድሞ መሄድ ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ፣ ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። ዝም ብሎ ማለት ዝም ብሎ ነው፤ እየተለኩ ስለ ጎረቤት ማውራት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትይዩ ያርፋል። ጨርቁ በሹራብ ወይም በነጠላ ላይ ሳይሆን በራቁት ክንድ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ጊዜ ተለክቶ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ይደገማል።

ይህን ሁሉ አያት ብቻቸውን ሊያደርጉት ይከብዳል። ዓይን ይደክማል፤ ቁልፉ የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው። የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ግን በሁለት ቀን ይለምደዋል። የተረቱ ጀግና መስኮቱን የሚያየው ብቻውን ነው፤ እኛ ቤት ግን መስኮቱን የሚያይ ሁለተኛ ሰው ካልተገኘ መሣሪያው ባዶ ሳጥን ነው። በጠረጴዛ ላይ ያለው መሣሪያ ውድም ይሁን ርካሽ፣ ከኮሪያም ይምጣ ከቻይና፣ ዋጋ የሚያወጣው ቁጥሩን አንብቦ፣ ጽፎ፣ ባለፈው ሳምንት ከነበረው ጋር የሚያስተያይ ሰው ሲኖር ነው። ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚውለው ልጅ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ የሠለጠነ መሆኑ ሲታሰበኝ ፈገግ እላለሁ። ቁጥር እየወጣና እየወረደ ሲሄድ መከታተል ዓመት ሙሉ ሲለማመደው የኖረው ነገር ነው።

የእኛ ጂንዉ የእናቱን ግፊት ጠዋትና ማታ ለክቶ ለአንድ ሳምንት በደብተር ቢጽፍና ደሴ ለቀጠሮ ስትሄድ ይዛው ብትሄድ፣ ሐኪሙ እዚያ ደክማ በደረሰችበት ሰዓት ከሚያገኘው አንድ ቁጥር ይልቅ ብዙ ይነግረዋል። ነጭ ጋዋን ሲያዩ ግፊታቸው የሚነሣ ሰዎች አሉ፤ ሆስፒታል ሲደርሱ ደኅና ሆነው ቤት ከፍ የሚልባቸውም አሉ። ሁለቱንም የሚያሳየው ደብተሩ ነው።

በረሃው

ስለ ቅጣቱ በረሃ ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ልጅን የአያቱ ጤና ጠባቂ ስናደርገው ፖሊስ እንዳይሆን። «እማማ፣ ጨው በላሽ! ቁጥርሽ ወጣ!» ማለት ከጀመረ፣ እማማ ነገ ክንዳቸውን አይሰጡም። ወይም ጨው የበዛበትን ወጥ ጎረቤት ሄደው ይበላሉ። ቁጥር እንደ ፈተና ውጤት ከታየ ሰው ይደብቀዋል፤ የተደበቀ ቁጥር ደግሞ ማንንም አያድንም። በእኛ አገር የታመመን ሰው «አብሽር» ብሎ የሚያበረታ አፍ አለ፤ ቁጥር ሲነበብም በዚያው አፍ ይነበብ። «እማማ፣ ዛሬ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ኪኒኑን ወስደሻል ወይ?» በቂ ነው። በቀን የሚበቃው ጨው በጠቅላላው ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ መሆኑን የሚያውቅ ልጅም ወጡ ሲሠራ ለእናቱ ቢነግር ይሻላል፤ ሳህኑ ከቀረበ በኋላ አያቱን ከማሳፈር።

ቁጥሩ ደግሞ የቤት ነገር ነው። የአያትን መለኪያ ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ «ፒር» ለመሆን መለጠፍ አይገባም። ለአጎት ወይም ለአክስት መላክ ካለበት፣ አያት ፈቅደው ይሁን።

የጀግናውን የቀን ትእዛዝ እንዳለ የሚፈጽሙ ልጆችም አይጠፉም። 100 ፑሽ አፕና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ለተረት ሰው ነው፤ ሳይለማመድ በአንድ ቀን የጀመረው ልጅ ጡንቻው ሊጎዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆችና ለታዳጊዎች የሚመክረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብን የሚያስመታ እንቅስቃሴ ነው። ኳስም ይሆናል፣ ገመድም ይሆናል፣ ውኃ መቅዳትም ይሆናል። ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ደህና ርምጃ ይበቃል፤ ኮምቦልቻ ሜዳማ ስለሆነች ለዚህ ከደሴ ትሻላለች፤ የደሴ ሰው ግን ዳገቱን ቆጥሮ ይከራከረኝ ይሆናል።

መስኮቱን የሣለው ሰው

የሶሎ ሌቭሊንግን ሥዕል የሣለው ጃንግ ሱንግ ራክ ነው፤ አንባቢዎች የሚያውቁት «ዱቡ» በሚል ስሙ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ክፍል ማውጣት ቀልድ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል በቀለም የተሞላ ረጅም ሥዕል ነው፤ አንባቢ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ ሠዓሊው ሳምንቱን ይጨርስበታል። ታሪኩ በሥዕል ካለቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022፣ ዱቡ በነበረበት ሕመም ምክንያት አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር።

ለጀግናው የጤናውን ልክ በየገጹ ሲሥልለት የኖረው ሰው ከራሱ ሕመም ጋር እየታገለ ነበር። ከሞቱ በኋላ በኮሪያ ስለ ሠዓሊዎች የሥራ ጫና ብዙ ተባለ። ዱቡ ምን ቢደረግለት ይተርፍ እንደነበር እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ነገር ግን ልጅዎ ይህን ታሪክ ካልሰማ ይንገሩት። ለአድናቂው ከማንኛውም ምክር ይልቅ ይገባዋል። ብዙ ልጆች «ስንት ዓመቱ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ «አባዬስ ስንት ዓመቱ ነው?» ይከተላል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግፊት የአያቶች ብቻ አይደለም፤ የ35 እና የ40 ዓመት ወላጅም ተለክቶ ቁጥሩን ማወቅ አለበት።

ሁለት አካል ያለው ልጅ

ሌላው ዝነኛ ዌብቱን «ሉኪዝም» ነው፤ የፓርክ ቴ ጁን ሥራ። በመልኩ የሚሰደብ አንድ ተማሪ አንድ ቀን ሲነቃ ሁለት አካል አለው፤ አንዱ የራሱ፣ ሌላው ረጅምና መልከ መልካም። አንዱ አካል ሲተኛ ሌላው ይነቃል። ቀን በአንዱ ይማራል፣ ሌሊት በሌላው ሱቅ ውስጥ ይሠራል።

ይህ ልጅ የእንቅልፍ ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ ቢያስር፣ ሁለቱም እጆቹ ላይ «ስምንት ሰዓት ተኝተሃል» ይለው ነበር። እሱ ግን አንድም ደቂቃ አልተኛም። መሣሪያ አካልን ይለካል፤ የሚደክመው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። በፈረቃ የሚሠሩ የኮምቦልቻ እናቶችና አባቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ቀን ስምንት ሰዓት ተኝቶ የሌሊት እንቅልፍን የሚያህል አልሆን ማለቱን። ለታዳጊ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ ይዞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚያነብ ልጅም ሁለት አካል እንዳለው ተማሪ ነው፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ሌላኛው ነው። ስልክ ማታ ሳሎን ቢያድር የብዙ ቤት ጠብ ይቀንስ ነበር፤ የወላጅም ስልክ አብሮ ካደረ ነው ታዲያ።

መልክን ካነሣን፣ ሴት ልጆች የሚወዱት «ትሩ ቢዩቲ» የተባለው ታሪክ ደግሞ ስለ ሜካፕ ነው። ከታሪኩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከእሱ ቀጥሎ ስልኩ ላይ የሚመጣው የቆዳ ማንጫ ክሬም ማስታወቂያ ነው። አንዳንዱ ውስጥ ሐኪም ብቻ ሊያዘው የሚገባ ስቴሮይድ አለ፤ ቆዳን ያሳሳል። ልጅዎ ክሬም ገዝታ ከሆነ ቁጣውን ትተው መጀመሪያ ካርቶኑን ያንብቡ።

ሐሰተኛው መስኮት

በገበያ «ሳይወጋ ስኳር ይለካል» የሚባል ሰዓትና ቀለበት ይሸጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ሰዓት ዝም ብሎ ቁጥር ያሳያል፤ ያንን አምኖ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ሊሞት ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ጣት ወግቶ በስትሪፕ የሚለካው ተራ መሣሪያ ነው። ስትሪፑ ለዚያው መሣሪያ የተሠራ ይሁን፤ ጊዜው ያላለፈበት፤ ክዳኑ ሁልጊዜ የተዘጋ። እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቅ ያለ ከተማ ደግሞ ከመስኮት ዳርና ከምድጃ አጠገብ ይራቅ፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል።

ልጁ እዚህም ሊማረው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ፤ 70። የአያት ስኳር ከዚያ በታች ከወረደ፣ ካላባቸውና ከተንቀጠቀጡ ወይም ነገር ከተምታታባቸው፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ጤና ተቋም ነው። ይህን የሚያውቅ የ14 ዓመት ልጅ ቤቱ ውስጥ ያለ፣ ከጂንዉ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ ጀግና አይደለም።

በጾም ወራት ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። በረመዳን የሚጾም የስኳር ሕመምተኛ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ይለወጣልና። ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች ያስረዳሉ። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን መፍታት እንደሚገባ የሕክምና መመሪያው ይናገራል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናቶችም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። እንደ ወሎ ባለ፣ ሁለቱም ጾም በአንድ ግቢ በሚጾምበት አገር፣ አንዱ ለካኪ ልጅ ለጎረቤቱም ቢደርስ ማንም አይገረምም።

ታብሌቷና ደብተሩ

የእኛ አገር የዲጂታል ጤና የሚጀምረው ከሰዓት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የእያንዳንዱን ቤተሰብ መረጃ በወረቀት ፎልደር ይይዙ ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይህ በየክልሉ ቀስ በቀስ ወደ ታብሌት እየገባ ነው። የእርግዝና ክትትሉ፣ የልጁ ክትባት፣ የቀረ ቀጠሮ እዚያ ይመዘገባል። ባለሙያዋ ታብሌቷን ይዛ ስትመጣ የእርስዎ ቤት መስኮት እጇ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ምን ጻፍሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ቢያይ ደግሞ የተሻለ።

ግን የመብራቱንና የኔትወርኩን ነገር እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፣ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ፣ ዕለት በዕለት ኪኒን የሚውጥና ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የደረሰበትን ያየ ሰው ሁሉን ነገር ስልክ ላይ አያስቀምጥም። የመድኃኒቱ ስም፣ የሚወሰደው መጠን፣ የመጨረሻዎቹ ቁጥሮችና የሐኪሙ ቀጠሮ በአንድ ደብተር ላይ በእጅ ተጽፎ፣ ከመታወቂያው ጋር መቀመጥ አለበት። ደብተር ባትሪ አያልቅበትም፤ የማያውቅ ሐኪም ዘንድ ቢደረስም ይነበባል።

ልጆቻችን ከኮሪያ ጀግኖች ሌላ የላቸውም ማለት አይደለም። ትንንሾቹ ያደጉት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በፈጠሯት ቀጭኔ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው ዝግጅት ነው። የእነሱው ሥራ የሆነው «ጥበብ ገርልስ» ሦስት ልጃገረዶችን ጀግና አድርጎ ስለ ወር አበባና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ያወራል፤ በስንት ቤት በአፍ የማይነሣ ነገር። በስራት ደበበ የፈጠረው «ጀምበር» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ ኢትዮጵያዊ ጀግና ነው። አያቱን ስኳር የሚለካ ጀግና ግን እስካሁን አላየሁም። ልጅዎ መሣል የሚወድ ከሆነ አንድ ሉክ ወረቀት ይስጡትና የእማማን መስኮት እንዲሥለው ይጠይቁት። የት ላይ ግፊት፣ የት ላይ ስኳር፣ የት ላይ ኪኒኑን መዋጣቸው እንደሚጻፍ ራሱ ያውቅበታል። ከደብተሩ ሽፋን ላይ ይለጥፈው። ነገ ጠዋት ከቡናው በፊት፣ እማማ ወንበራቸው ላይ ተደግፈው ሲቀመጡ፣ የመጀመሪያዋን ቁጥር ይሞላል።